የዝክር ካሴቶችን ለትንሽ ማጫወቻ በስንት ኪሎቢት ልጨምቅ?

የጁገል ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። ሟቹ አጎቴ ሐረር ጁገል ውስጥ በየቤቱ ይደረግ የነበረውን ዝክር (በከበሮና በጭብጨባ የሚዜመውን መንፈሳዊ ውዳሴ) በአንድ ማይክራፎን እየቀዳ ያስቀመጣቸው 60 ካሴቶች በእጄ ይገኛሉ። እያንዳንዳቸው የ60 ደቂቃ ናቸው። ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ በሲዲ ጥራት፣ ባልተጨመቀ ዋቭ ፋይል አስቀምጫለሁ። አሁን ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ለሚኖሩት አክስቴ፣ የወንድማቸውን ቅጂዎች ቤታቸው ሆነው እንዲያዳምጡ በአንድ ትንሽ ማጫወቻ ላይ ልጭንላቸው እፈልጋለሁ። ማጫወቻው የሚያነበው ዋቭና ኤምፒስሪ ብቻ ነው፤ የገባበት ካርድም 8 ጊጋባይት ነው።

ዋቩ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ተኩል ያህል ስለሚይዝ ሁሉም ቢደመር 38 ጊጋባይት ይሆናል። በሰከንድ 320 ኪሎቢት በሚወስድ ኤምፒስሪ ሳሰላው 8.6 ጊጋባይት ሆኖ ለጥቂት ከካርዱ በለጠ፤ በ128 ግን 3.5 ብቻ ነው። በ128 ሞከርኩት። የዘካሪዎቹ ድምፅ ደኅና ነው፤ ከረቡ የሚባለው ከበሮም አልከፋም። ነገር ግን ከበል የምንላቸው የእንጨት ማጨብጨቢያዎች ሲጋጩ የሚሰማው ጥርት ያለ «ቋ» የሚል ድምፅ ደብዝዞ፣ ሽው ከሚል ነገር ጋር ተደባልቆ ይመጣል። አክስቴ በዚያ ምት ያደጉ ሰው ስለሆኑ ወዲያው እንደሚለዩት አውቃለሁ። ቀጫጭኖቹ ድምፆች ስለተቆረጡ ይመስለኛል። 192 ላድርገው ወይስ ተለዋዋጭ ቢት ሬት (እንደ ድምፁ ሁኔታ ቢቱ ከፍ ዝቅ የሚልበትን) ልጠቀም?

ደቻቱ፦
ወንድሜ፣ የሰሙት ጉድለት እውነተኛ ነው፤ ምክንያቱ ግን የቀጫጭን ድምፆች መቆረጥ አይመስለኝም። በ128 ላይ ብዙ ኢንኮደሮች (ድምፁን የሚጨምቁት ፕሮግራሞች) ከ16 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን ይጥላሉ፤ በተራ ቴፕ የተቀዳ አሮጌ ካሴት ደግሞ ከዚያ በላይ የሚጠቅም ድምፅ የለውም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የእርስዎ ችግር የጊዜ ችግር ነው። ኤምፒስሪ ድምፁን የሚጨምቀው እያንዳንዳቸው 1152 ናሙና (የድምፁን ልኬት የሚገልጹ ቁጥሮች) በሚይዙ ቁርጥራጮች ሲሆን፣ ይህም በሲዲ ናሙና ፍጥነት 26 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። ኢንኮደሩ ቦታ ለመቆጠብ ቁጥሮቹን ሲያጠጋጋ የሚፈጠረው ስሕተት በቁርጥራጩ ውስጥ ይበተናል፤ ስለዚህ ከበሉ የተመታው በቁርጥራጩ መጨረሻ አካባቢ ከሆነ፣ ከምቱ በፊት በነበረው ጸጥታ ላይ ሳይቀር ሹክሹክታ የመሰለ ነገር ይፈስሳል። ጆሯችን ከኃይለኛ ድምፅ በኋላ የሚመጣን ዝቅተኛ ድምፅ ለረጅም ጊዜ ይሸፍናል፤ ቀድሞ የሚመጣውን የሚሸፍነው ግን ለጥቂት ሚሊሰከንዶች ብቻ ነው። እርስዎ «ሽው» ያሉት ይኸው ነው።

ኢንኮደሩ እንዲህ ያለ ድንገተኛ ምት ሲያገኝ ቁርጥራጩን በአጫጭሩ ይከፋፍለዋል፤ ይህ ግን ተጨማሪ ቢት ይጠይቃል፤ በ128 ስቴሪዮ ላይ ደግሞ ትርፍ ቢት የለም። ስለዚህ 192 ላይ ያድርጉት፤ 5.2 ጊጋባይት ይሆንና ካርዱ ይበቃዋል። ተለዋዋጩ በመርህ ደረጃ የተሻለ ነው፤ ሆኖም ርካሽ ማጫወቻዎች በእንዲህ ያለ ፋይል ላይ የቀረውን ደቂቃ አሳስተው ሊያሳዩ፣ ወደፊት ሲያሳልፉም ሊዘሉ ስለሚችሉ፣ ለትልቅ ሰው በሚሰጥ ዕቃ ላይ ቋሚውን እመርጣለሁ። አዲሱን ፋይል የሚሠሩት ከዋቩ እንጂ አስቀድመው ከጨመቁት ኤምፒስሪ እንዳይሆን አደራ፤ የጠፋው ድምፅ ቢት በመጨመር አይመለስም።

የከዚራ ቴፕ ጠጋኝ፦
ልጄ፣ ደቻቱ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ ነገር ግን ከቢቱ በፊት መጠየቅ የነበረበት ሌላ ነገር አለ። አጎትህ በአንድ ማይክራፎን ቀዳ ብለሃል። እንግዲያው ካሴቱ ሞኖ፣ ማለትም ባለ አንድ ቻናል ነው፤ አንተ ደግሞ በስቴሪዮ ቴፕ አጫውተህ ሁለት ቻናል አድርገህ ገልብጠኸዋል። በሁለቱም ቻናል ያለው አንድ ዓይነት ዝክር ነው፤ የሚለያየው የካሴቱ ሽሽታ፣ ያ የማያቋርጥ የ«ሽሽ» ድምፅ ብቻ ነው። ሽሽታው በግራና በቀኝ የተለያየ ስለሆነ ኢንኮደሩ ሁለቱን አንድ ናቸው ብሎ ሊያጠቃልላቸው አይችልም፤ ለዝክሩ ሊውል የሚገባውን ቢት ለሽሽታ ይከፍላል። በሞኖ ብትሠራው ግን 160 ኪሎቢት በሙሉ ለአንዱ ድምፅ ይሆንና መጠኑ 4.3 ጊጋባይት ብቻ ይሆናል።

ሁለቱን ቻናሎች ዝም ብለህ እንዳትደምር ግን ተጠንቀቅ። የቴፑ ሄድ (የካሴቱን ክር የሚያነበው ክፍል) ትንሽ ዘንበል ካለ ግራው ከቀኙ በጥቂቱ ይቀድማል፤ ሲደመሩም ቀጫጭኑ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። አንድ ካሴት ደምረህ ስማ። ከአንዱ ቻናል ብቻውን ይልቅ ታፍኖ ከተሰማህ ሄዱ ዘንበል ብሏል ማለት ነው። ያን ጊዜ ከሄዱ ጎን ያለችውን፣ ስፕሪንግ ያለባትን ብሎን በቀጭን ካቻቢቴ እያዞርክ፣ የተደመረው ድምፅ ከሁሉ ይልቅ ጥርት ያለበት ቦታ ላይ ተዋት። ከሩብ ዙር በላይ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ከዚያ እንደገና ቅዳ። 60 ሰዓት ረጅም ነው፤ ሆኖም የድሬዳዋ ሙቀት ካሴት ምን እንደሚያደርግ በብዙ ዓመት የጥገና ሥራዬ አይቻለሁና፣ ካሴቶቹ ደኅና ሳሉ ማድረጉ ይበጃል። ድጋሚ መቅዳት የማይሆንልህ ከሆነ የጠራውን አንድ ቻናል ብቻ ውሰድ።

ሽሽታውን በፕሮግራም አጥፋ የሚሉህ ይኖራሉ። እኔ አልመክርህም። ከሽሽታው ጋር የእጅ ጭብጨባውና የቤቱ ማስተጋባት አብሮ ይሄዳል፤ የቀረውም ውኃ ውስጥ የተዘመረ ይመስላል።

ሸዋ በር፦
በካርዱ ላይ የሚጫነው መጠቀሚያ ነው፤ ዋናው ቅጂ በፍላክ ተጨምቆ በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ ይቀመጥ። ፍላክ አንዲት ቢት እንኳ ሳይጥል መጠኑን ይቀንሳል፤ ሲፈታም ዋቩ እንደነበረ ይመለሳል። በተረፈ ወደ ኤምፒስሪ ከመቀየርዎ በፊት የድምፁን ከፍታ በ1 ወይም በ2 ዴሲቤል ዝቅ ያድርጉት። የከበሉ ጫፍ ፋይሉ ሊይዝ የሚችለውን የድምፅ ጣሪያ ነክቶ ከሆነ፣ ከተጨመቀ በኋላ ከጣሪያው አልፎ ይሰነጠቃል።

የጁገል ልጅ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እንዳሉት አንዱን ካሴት ደምሬ ሰማሁት፤ ከበሉ በፎጣ የተሸፈነ ያህል ታፈነ። ብሎኗን ወደ ግራ ጥቂት ሳዞራት ድምፁ ድንገት ተከፈተ፤ በ128 ያጣሁት ብቻ ሳይሆን በዋቩም ውስጥ ያልነበረ ጥራት አገኘሁ። ከዚያም ያንኑ ካሴት በ128 ስቴሪዮ፣ በ192 ስቴሪዮና በ160 ሞኖ ሠርቼ፣ ስማቸውን ቁጥር ብቻ አድርጌ ለአክስቴ ወሰድኩላቸው። የመጀመሪያውን ቶሎ አስቆሙኝ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ደጋግመው ሰምተው ልዩነት የላቸውም አሉኝ፤ ስለዚህ ትንሹን፣ ሞኖውን፣ መርጫለሁ። ሄዱ ተስተካክሎ እስካሁን 11 ካሴት እንደገና ቀድቻለሁ፤ ፍላኩንም ጎን ለጎን እያስቀመጥኩ ነው። ከቀሩት ውስጥ ሁለቱ ሲጫወቱ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ጋሼ፣ ጥፋቱ የቴፑ ጎማ ይሁን የካሴቱ እንዴት እንደምለይ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የከዚራ ቴፕ ጠጋኝ፦
ደኅና የሆነ ሌላ ካሴት በዚያው ቴፕ አጫውት። እሱም ከተንቀጠቀጠ ጥፋቱ የቴፑ ነው፤ የሚጎትተውን ጎማ በአልኮል ጥረገው፤ ካልሆነም ቀይረው። እሱ ደኅና ሆኖ ሁለቱ ብቻ ከተንቀጠቀጡ ግን ክሩን ወደ ሌላ የካሴት ቤት ማዛወር ያስፈልጋል፤ ብሎን ያለውን ባዶ ካሴት ፈልግ፤ የተጣበቀውን አትክፈት።