ጥቆማ፦ የድምፅ ፓኬጅ ትቼ በአፕ ብቻ ብደውልስ?

ጠያቂ (ሳቢያን)፦ ሰላም ድሬዎች። በየወሩ የድምፅ ፓኬጅ መግዛት ሰለቸኝ። ቤት ዋይፋይ አለ፣ ስወጣ ዳታ እሞላለሁ። እህቴ ዱባይ ናት፣ እማዬ ሐረር፣ ጓደኞቼ ሁሉ ቴሌግራም ላይ ናቸው። የሞከረ ካለ የትኛው አፕ ይሻላል?

የከዚራው፦ ቴሌግራም። አለቀ።

እመ ሁለት፦ ኢሞ ነው አቦ። ኔትወርኩ ሲዝል እንኳ ድምፁ ይሰማል። ማስታወቂያው ግን ያሳብዳል።

ነምበር ዋን፦ አፑን ተወውና የሚጭንልህን ሰው ተጠንቀቅ። አምና የእናቴን ስልክ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ አንድ ሱቅ ወስጄ ዋትስአፕ አስጫንኩ። ኮዱ በሷ ሲም አልመጣ ሲል ልጁ በራሱ ቁጥር ከፍቶ ሰጠኝ። እኔ ምን አውቄ! ቶሮንቶ ያሉ ዘመዶች ለሁለት ወር "የእሷ ቁጥር" ብለው የመዘገቡት የሱን ነው። ከዚያ ልጁ አዲስ ስልክ ገዛ፤ ዋትስአፑን እዚያ ላይ ሲከፍት የእናቴ ተዘጋ። የፋሲካ ዕለት አክስቴ ደውላ "እንኳን አደረሰሽ እታለም" ስትል አንድ ጎረምሳ "አቤት" አላት።

እመ ሁለት፦ ኧረ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ!

ነምበር ዋን፦ ሳቂ። እናቴ ግን "ረሱኝ" ብላ ስታለቅስ ነው የዋለችው።

አብሽር፦ ታይዋን ስትል ማን እንደሆነ ገባኝ። ያ ልጅ ለኔ ስድስት ዓመት ሠርቶልኛል፤ አንድ ቀን አልዋሸኝም።

ነምበር ዋን፦ የሱቁን ስም ጠራሁ እንዴ?

አብሽር፦ ባትጠራም። ስክሪን ጋርድ በነፃ ነው የሚለጥፍልኝ።

ባለባጃጁ፦ እኔም ስክሪን ጋርድ ጥሩ አድርጎ የሚለጥፍ ሰው እፈልጋለሁ። በዚህ ሙቀት እየተላጠ አስቸገረኝ።

የከዚራው፦ 07 ሲም ያዝ። ሳፋሪኮም ነሐሴ 2014 ከአገሩ ሁሉ ቀድሞ ሙከራውን የጀመረው ድሬ ላይ ነው።

ደቻቱ ማዶ፦ ባቡሩም ቀድሞ መጥቶልን ነበር። ለማንኛውም የተጠየቀው የትኛው አፕ ነው፤ እኛ ስክሪን ጋርድ አልፈን ለገሃር ደርሰናል። ቀጥሉ፣ ጅቡቲ ስንገባ ንገሩኝ።

ዝምተኛዋ፦ ወንድሜ፣ ሦስት ነገር ልበልህ። መጀመሪያ እህትህ። ዱባይ ላይ የዋትስአፕ መልእክት ይገባል፣ ጥሪው ግን ታግዷል። እዚያ ያሉት ልጆች ቦቲም የሚባል የጥሪ አፕ ነው የሚጠቀሙት፤ አንተም ጫን። ሁለተኛ ዳታው። የሚበላህ ቪዲዮ ነው፤ ድምፅ ብቻ ከሆነ ትንሽ ነው የሚወስደው። ዋትስአፕ ሴቲንግ ውስጥ "ማከማቻና ዳታ" ብለህ ግባ፣ ለጥሪ ያነሰ ዳታ የሚለውን አብራው። ስንት እንደበላህም እዚያው ታያለህ። ሦስተኛ ሲምህን አትጣል። የባንክ ኮድ በኤስኤምኤስ ነው የሚመጣው። አምቡላንስ 907 ወይም ፖሊስ 991 ልደውል ብትልም በዋትስአፕ አይሆንም። ለነምበር ዋን ደግሞ፦ ኮዱ በኤስኤምኤስ አልመጣ ካለ "ደውሉልኝ" የሚል አማራጭ አለ፤ ደውሎ ይነግርሃል። በሰው ቁጥር አታስከፍት።

ነምበር ዋን፦ ይሄን አምና የት ነበርሽ?

ደቻቱ ማዶ፦ እናትየው ሐረር ናቸው ብሏል። የያዙት ስልክ ምን ዓይነት ነው?

ጠያቂ፦ ቁልፍ ያላት ትንሿ ስልክ። ባትሪዋ ሳምንት ትቆያለች ብላ አትለቃትም።

ደቻቱ ማዶ፦ እንግዲህ ቴሌግራሙን በጀበና ላክላቸው።

እመ ሁለት፦ እማማን ተዋቸው፤ ለእሳቸው ብቻ ትንሿን የድምፅ ፓኬጅ ግዛና ሌላውን በኢሞ። እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው።

አብሽር፦ ወይ ስማርት ስልክ ግዛላቸውና ታይዋን አምጣት፤ ልጁ አስተካክሎ ይጭንልሃል።

ነምበር ዋን፦ በራሱ ቁጥር?

ዝምተኛዋ፦ ጠያቂ፣ እና ምን ወሰንክ?

ባለባጃጁ፦ የስክሪን ጋርዱን ግን ማንም አልነገረኝም።