የብርቱካን ካፕኬኬ መሃሉ ይሰምጣል፣ ልጣጩም መረረኝ፤ ምን ላድርግ?

የሱሉልታዋ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ናችሁ?

የእህቴ ልጅ ክርስትና ደርሷል። ሴት ናት፤ ሰማንያ ቀኗ ሊሞላ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ድፎው፣ ዶሮው፣ ጠላው ሁሉም ባለቤት አለው። ኬኩን ግን እኔ ነኝ የምሠራው ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ትልቅ ቶርታ አይደለም ያሰብኩት። 48 ትንንሽ የብርቱካን ካፕኬክ፣ በላያቸው ላይ በስኳር የበሰለ የብርቱካን ልጣጭ።

ለምን ልጣጭ ካላችሁኝ፣ አባቴ ነፍሱን ይማረውና ብርቱካን ሲልጥ ቢላዋውን አያነሳም ነበር። ከላይ እስከ ታች አንድ ረጅም ጥብጣብ አድርጎ ያወርደዋል። እናቴ ያንን ጥብጣብ ምድጃው አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ትሰቅለዋለች። ሲደርቅ ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር ሻይ ውስጥ ይገባል። እኛ ቤት የብርቱካን ልጣጭ ተጥሎ አያውቅም። ሕፃኗም ስሟን የምታገኝበት ቀን ቤቱ ያንን ቢሸት ደስ ይለኛል።

ግን ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱም ጊዜ አልሆነልኝም።

ኬኩን በ200 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ በ200 ግራም ስኳር፣ በ115 ግራም የገበታ ቅቤ፣ በ2 እንቁላል፣ በ2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ በ100 ሚሊ ሊትር ወተትና በአንድ ብርቱካን ጭማቂ ነው የሠራሁት። 12 ፍሬ ይወጣዋል። ኦቨኑ 180 ዲግሪ ላይ ነው። በመስታወቱ ቁጭ ብዬ አየሁት። 12 ደቂቃ ላይ ኩፍ ብሎ እንደ ጉልላት ቆመ። 15 ደቂቃ ላይ መሃሉ ቀስ እያለ ወረደ። ሲወጣ ጠርዙ ከፍ ያለ፣ መሃሉ ጎድጓዳ ሆኖ ወጣ። ዳሩ ይደርቃል፣ መሃሉ ሊጥ ሊጥ ይላል። የብርቱካን ጣዕሙም ከሩቅ ነው።

ልጣጩን ደግሞ ቀጠን ቀጠን አድርጌ ቆርጬ በቀጥታ ስኳርና ውሃ ውስጥ ከተትኩት። ያየሁት አሠራር 110 ዲግሪ ይድረስ ስለሚል ቴርሞሜትር ተውሼ እስኪደርስ ጠበቅሁት። ሲቀዘቅዝ ጥርስ አይበሳውም። መራራነቱም ምላስ ላይ ይቆያል።

ብርቱካኑ ከአዲሱ ገበያ ነው የተገዛው። ኦቨኔ በኤሌክትሪክ ነው። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት? በዕለቱ ስለማላፍርበት ነገር ነው የምጠይቃችሁ፤ እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

ጋጋሪው ከለገጣፎ

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረቻት፤ ሕፃኗንም ታሳድግላችሁ።

11 ዓመት ኬክ ቤት ውስጥ ጋግሬያለሁ። የአንቺ እጅ ምንም አላጠፋም። ያየሽው አሠራር ባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሱሉልታ ደግሞ እንጦጦን ተሻግራ ከ2,500 በላይ ናት። እዚያ አየሩ ስስ ነው። ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣውን ጋዝ የሚጫነው አየር ስለሚያንስ ከልክ በላይ ይነፋዋል። ኬኩ ገና ሳይጠና ውስጡ ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይቀደዳሉ። ከዚያ መሃሉ ይወርዳል። 12 ደቂቃ ላይ ያየሽው ጉልላት ያስደስታል፣ ግን ፈጥኖ የመጣ ነው።

ስለዚህ ቤኪንግ ፓውደሩን ከ2 ወደ 1 ከሩብ የሻይ ማንኪያ አውርጂው። ስታወርጂ እጅሽ አይሳሳ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚፈራው። ስኳሩን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቀንሺ፣ ምክንያቱም ስኳር ሲበዛ ኬኩ ቶሎ አይጠናም። ወተቱ ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨምሪ፤ ከፍታ ላይ እርጥበት ቶሎ ይተንናል፣ ዳሩ የደረቀብሽም ለዚያ ነው። እንቁላሉ የሐበሻ ከሆነ ትንሽ ስለሆነ 3 አድርጊው። ኦቨኑን ወደ 190 ከፍ አድርጊ። ወረቀቱንም ከግማሽ ትንሽ አለፍ አድርገሽ ሙዪ እንጂ እስከ አፉ አይሁን።

ጣዕሙን በተመለከተ ጭማቂው ብቻውን አያደርስሽም። የብርቱካን ጠረን ያለው ልጣጩ ላይ ባለው ዘይት ውስጥ ነው። ልጣጩን ጎንበስ አድርገሽ ስትጨምቂው ዓይን ላይ የሚረጨው እሱ ነው። የሁለት ብርቱካን ልጣጭ በመፈቅፈቂያው በደቃቁ በኩል ፈቅፍቂ። ብርቱካንማው ብቻ ይምጣ፣ ነጩ ሲታይሽ አዙሪው። የፈቀፈቅሽውን ከስኳሩ ጋር በጣቶችሽ እሺው። ስኳሩ እርጥብ አሸዋ ሲመስልና እጅሽ እስከ ማታ ብርቱካን ብርቱካን ሲል ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነው ቅቤው የሚገባው። ሱሉልታ ጠዋት ቅቤ ድንጋይ ስለሚሆን ማታውኑ አውጥተሽ አሳድሪው፤ ያልለሰለሰ ቅቤ ከስኳር ጋር አይመታም።

የልጣጩን ነገር ለሚያውቅ ልተወው።

የቡራዩዋ እማማ

የኔ ልጅ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። ለሰማንያዋም ያድርሳችሁ።

እኔ ማርማላታ እየሠራሁ ለሱቅ በማስረከብ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። ልጣጭ ቸኩለሽ የምትሠሪው ነገር አይደለም። ስህተትሽ ሁለት ነው፣ ሁለቱም ይስተካከላል።

አንደኛ፣ ልጣጩ ሳይለሰልስ ስኳር ውስጥ ገባ። ስኳር ያልበሰለ ልጣጭ ሲያገኝ ውሃውን ይመጠውና ያጠነክረዋል። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ብትቀቅዪው አይለሰልስም። ስለዚህ መጀመሪያ በባዶ ውሃ ነው። ብርቱካኑን በሙቅ ውሃና በብሩሽ እጠቢው። ልጣጩን አራት ቦታ ከፍለሽ አውጪው። በቀዝቃዛ ውሃ ጣጂው፣ ሲፈላ ውሃውን ድፊው። እንደገና በአዲስ ቀዝቃዛ ውሃ። መራራው ከውሃው ጋር አብሮ ይሄድልሻል። ሦስተኛው ላይ አትድፊው፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀስ እያለ ይንተክተክ። እኛ ጋ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባቄላውም ሥጋውም የሚዘገየው ለዚህ ነው፣ ልጣጩም እንደዚያው። በአውራ ጣትና በሌባ ጣትሽ ያዝ ስታደርጊው ሳይታገል ከተቆረጠ በስሏል። አውጥተሽ አቀዝቅዢና ያኔ በቀጭኑ ቁረጪው።

ሁለተኛው ያ 110 ዲግሪ ነው። ቁጥሩ ልክ ነው፣ ግን እሱም የባሕር ዳርቻ ቁጥር ነው። ውሃው በ8 ዲግሪ ቀድሞ ከፈላ ሽሮፑም 8 ዲግሪ ቀድሞ ይደርሳል። አንቺ ጋ 102 ማለት ነው። 110 እስኪመጣ ስትጠብቂ ሽሮፑ ወደ ከረሜላ ሄዶብሻል። ቴርሞሜትሩን መልሽላቸው፤ ዓይንሽ ይበቃል። ለ4 ብርቱካን ልጣጭ 400 ግራም ስኳር በ400 ሚሊ ሊትር ውሃ አሟሚ። ግማሽ ሎሚ ጨምቂበት፤ ስኳሩ ተመልሶ እንዳይረጋ ይይዘዋል። ልጣጩን ጨምረሽ በጣም በዝግታ አንድ ሰዓት ያህል ተዪው። ማንኪያ አታስገቢ፣ ድስቱን ራሱን ወዝወዝ አድርጊው። አንዱን ወደ መስኮት ከፍ አድርገሽ ስታዪው ብርሃን ካሳለፈ፣ የቤተ ክርስቲያን መስታወት ከመሰለ አውጪ።

ከዚያ አንድ ላይ ሳይነካካ የኦቨኑ ሽቦ ላይ ዘርግተሽ አሳድሪው። የሱሉልታ ነፋስ ደግ ነው፣ ዝናብ ከሌለ በማግስቱ ይደርሳል። ሲነኩት ከተጣበቀ ገና ነው። ደረቅ ስኳር ላይ አንከባልለሽ በጠርሙስ ክደኚ።

በሎሚ ልጣጭ እንዳትሞክሪው። የእኛ ሎሚ ቆዳው ስስ ነው፣ መራራው አይለቅም። ትርንጎ ካገኘሽ ግን እንዳታልፊው። ያ ትልቁ፣ ቆዳው ጎርበጥባጣ፣ ሲቆርጡት ከጭማቂው ነጩ የሚበዛው። እኔ ባሕር ዳር ነው ያደግኩት፤ ከዘጌ ቡናና ሎሚ ሲመጣ ትርንጎም አብሮ ይመጣ ነበር። ነጩን በስኳር ነክረን ነበር የምንበላው። ጣሊያኖች ለገና የሚጋግሩት ፓኔቶኔ ውስጥ የምታገኚው አረንጓዴ ቁራጭ እሱ ነው፣ በስኳር የበሰለ ትርንጎ። በሌላው ዓለም ለልጣጭ በጣም የሚፈለግ ፍሬ ነው፣ እኛ ጋ ግን እየተረሳ ነው፤ ይቆጨኛል።

ሰበታ ሠፈር

የመብራት ነገርስ? እኔ ባለፈው ሊጡን ወረቀት ውስጥ ሞልቼ ልከተው ስል ጠፋ። ሁለት ሰዓት ጠብቄ ስጋግረው እንደ ቂጣ ተኛ። ለክርስትናው ቀን መጠባበቂያ ያዢ። እኔ አሁን ትልቅ ብረት ድስት ውስጥ ደረቅ አሸዋ አነጥፌ፣ በላዩ ጣባ ደፍቼ፣ ከሰል ላይ አሙቄ እጋግራለሁ። ክዳኑም ላይ ፍም አደርጋለሁ፣ ልክ እንደ ድፎ። በአንድ ጊዜ 6 ብቻ ነው የሚይዘው፣ ግን ያምራል። ልጣጩንማ ከመጀመሪያውም ከሰል ላይ ሥሪው፤ እንደ ከሰል ለዝግታ የሚመች እሳት የለም።

ጾመኛዋ

ይቅርታ፣ በመሃል ገባሁ። ረቡዕ ወይ ዓርብ ላይ ቢውል የጾም ይሆናል?

ጋጋሪው ከለገጣፎ

ይሆናል እህቴ፣ እንዲያውም በብርቱካን ከሁሉም ይልቅ ያምራል። 200 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 180 ግራም ስኳር፣ ሦስት አራተኛ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ትንሽ ጨው። ወተቱን በ240 ሚሊ ሊትር የብርቱካን ጭማቂ፣ ቅቤውን በ80 ሚሊ ሊትር ዘይት ተኪው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሎሚ ጨምሪ። ሶዳው ከኮምጣጣው ጋር ሲገናኝ ነው የሚያነሳው፣ ስለዚህ እርጥቡን ከደረቁ ጋር እንደቀላቀልሽ ወዲያው ኦቨን ውስጥ ይግባ። አትምቺው፣ ዱቄቱ እስኪጠፋ ብቻ።

ሰበታ ያለው ነገር እውነት ነው። መብራት ኬኩ ውስጥ እያለ ቢጠፋ በሩን አትክፈቱ። ከ12 ደቂቃ በላይ ከቆየ በራሱ ሙቀት ሊጨርስ ይችላል። በሩ ከተከፈተ ግን አለቀ።

የሱሉልታዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም።

ቅዳሜ ሞከርኩት። መጀመሪያ ቤኪንግ ፓውደሩን ፈርቼ 1 ተኩል አደረግኩ። መሃሉ ትንሽ ዝቅ አለ። በሁለተኛው ዙር ጋጋሪው እንዳለኝ 1 ከሩብ አድርጌ 190 ላይ ጋገርኩ። አልወረደም! ራሱን ክብ አድርጎ ቆመ። በ18 ደቂቃ ስንደዶ ስሰካበት ደረቅ ሆኖ ወጣ። ስኳሩን ከልጣጩ ጋር ሳሽ እናቴ ከጓዳ ሆና «ማን ነው ብርቱካን የሚልጠው?» አለች።

እማማ፣ ልጣጩን እርስዎ እንዳሉት ሦስት ውሃ ለወጥኩለት። የመጀመሪያውን ውሃ ቀመስኩት፣ እንደ ኮሶ ነው። ሦስተኛው ላይ የለም ማለት ይቻላል። ግማሽ ሰዓት አልበቃውም፣ 45 ደቂቃ ወሰደ። መስኮት ላይ ከፍ አድርጌ ሳየው ግን ያሉትን አየሁ። ፀሐዩ በውስጡ ሲያልፍ ቀለሙ እንደ ማር ነው። ትርንጎ አዲሱ ገበያ ጠይቄ አጣሁ።

የቡራዩዋ እማማ

የኔ ቆንጆ፣ ወፍራም ቆዳ ከሆነ 45 ልክ ነው። የተረፈውን ሽሮፕ እንዳትደፊው። ኬኩ ገና ትኩስ እያለ በብሩሽ ላዩን ቀቢው፣ እስከ ማግስቱ አይደርቅም። ጠርሙስ ውስጥ ካስቀመጥሽው ለሻይም ይሆናል። ትርንጎ መንገድ ላይ በሸክም የሚሸጡ ሰዎች ጋ አይጠፋም፤ ሽታውን ተከተይ።

የሱሉልታዋ

ክርስትናው ትናንት ነበር። ስሟ ወለተ ማርያም ሆኗል።

ዓርብ ማታ ልጣጩን ጨርሼ ቅዳሜ ጋገርኩ። 48ቱ በአራት ዙር አለቁ። በሦስተኛው ዙር መብራት ጠፋ፣ 14ኛው ደቂቃ ላይ። እጄ በሩ ላይ ነበር፣ ግን አልከፈትኩም። ከ20 ደቂቃ በኋላ ሳወጣቸው ቀለማቸው ፈዘዝ ከማለቱ በቀር በስለዋል። እነሱን ከታች፣ ሌሎቹን ከላይ ደረደርኳቸው። ላያቸውን በሎሚ ጭማቂ በረጠበ የተፈጨ ስኳር ቀባሁ፣ ሁለት ሁለት ልጣጭ አጣምሬ አስቀመጥኩ።

ቄሱ አንዱን አንስተው ልጣጩን ለብቻው ቀመሱና «ይኼ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። የብርቱካን ልጣጭ ነው ስላቸው ደግመው አነሱ። እናቴ የተረፈውን ልጣጭ በጠርሙሱ ወስዳ ምድጃው አጠገብ፣ ሚስማሩ ሥር አስቀመጠችው። ዛሬ ጠዋት ሻይዬ ውስጥ አንድ አገኘሁ።