የመምህራንን ተነሣሽነት በተመለከተ ለርእሳነ መምህራን የሚሆን የመማማሪያ ቡድን፦ የትኛው ይሻላል ላላችሁ

«የመምህራኖቼ የሥራ ፍላጎት እየቀዘቀዘ ነው፤ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር የምማማርበት ቡድን መቀላቀል እፈልጋለሁ፤ የትኛውን ትመክሩኛላችሁ?» የሚለው ጥያቄ በተደጋጋሚ ስለሚነሣ፣ በርእሰ መምህርነት ዘመኔ የተሳተፍኩባቸውን የቡድን ዓይነቶች አነጻጽሬ የማምንበትን በግልጽ ለመጻፍ ወስኛለሁ። ጊዜ ያጠረው አንባቢ ይህን ይያዝ፦ ከአምስት እስከ ስምንት አባላት ያሉት፣ የበላይ ኀላፊ የማይቀመጥበት፣ በየስብሰባው አንድ አባል ያልተፈታ የራሱን ጉዳይ የሚያቀርብበት፣ ሌሎቹ ከመምከራቸው በፊት የሚጠይቁበትና በቀጣዩ ስብሰባ «ምን ሞከሩ?» የሚባልበት ቡድን ካገኛችሁ ሌላ ፍለጋ አትድከሙ።

ወደ ንጽጽሩ ከመግባቴ በፊት ግን ቡድኑ ስለ ምን እንደሚነጋገር መለየት ያስፈልጋል። ርእሳነ መምህራን ተሰብስበን ስለ ተነሣሽነት ማውራት ስንጀምር ውይይቱ ብዙም ሳይቆይ ወደ ደመወዝ ያመራል። ደመወዝ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ኑሮ የከበደው መምህር በማበረታቻ ቃል ብቻ አይጽናናም። ሆኖም በዚያ ክፍል ከተቀመጥነው መካከል ደመወዝ የመጨመር ሥልጣን ያለው ሰው ስለማይኖር፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ልንወስነው በማንችለው ነገር ላይ ተነጋግረን እንለያያለን። ፍሬደሪክ ኸርዝበርግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት ጥናት ሁለት መቶ ያህል መሐንዲሶችንና የሒሳብ ሠራተኞችን በሥራቸው እጅግ የተደሰቱበትንና እጅግ የተከፉበትን ጊዜ እንዲተርኩ ጠይቀው ነበር። ከትረካዎቹ የተረዱት፣ ደመወዝ፣ የቁጥጥር ዘዴ፣ የመሥሪያ ቤት ደንብና የሥራ ሁኔታ ሲጓደሉ ሰውን እንደሚያስመርሩ፣ መሟላታቸው ግን ብቻውን ለሥራ እንደማያነሣሣ ነው፤ የሚያነሣሣው የሥራን ውጤት ማየት፣ ዕውቅና ማግኘት፣ ኀላፊነት መረከብና ሥራው ራሱ ሆኖ ተገኘ። ቶማስ ሰርጂዮቫኒ እ.ኤ.አ. በ1967 ተመሳሳይ ጥናት በመምህራን ላይ ሲያደርግ ውጤት፣ ዕውቅናና ኀላፊነት ጎልተው ወጥተዋል። ሰው ደስታውን ከራሱ ጥረት፣ ምሬቱን ደግሞ ከሌላው ጥፋት ጋር አያይዞ የመተረክ ልማድ ስላለው ዘዴው ሙሉ በሙሉ አያስተማምንም የሚሉ ተቺዎች አሉ፤ ትችታቸውም ክብደት አለው። ያም ሆኖ ክፍፍሉ ለእኛ ይጠቅመናል፤ በእጃችን ያለውንና የሌለውን ለይተን፣ በእጃችን ባለው ላይ እንድንሠራ ያደርገናልና። አንድን ቡድን የምመዝነውም በመጀመሪያ በዚህ ነው።

ብዙዎቻችን የምናውቀው የመጀመሪያው ዓይነት ሰፊው የልምድ ልውውጥ መድረክ ነው። በአቅራቢያ ያሉ ትምህርት ቤቶች ርእሳነ መምህራን፣ አንዳንዴም አርባና ሃምሳ ሆነው ይሰበሰባሉ፤ የተሻለ ውጤት ያመጣ ትምህርት ቤት ተሞክሮውን ያቀርባል፤ ሌሎቹ ማስታወሻ ይይዛሉ። ለትውውቅ ጥሩ ነው፤ አዲስ የተሾመ ሰው ማን የት እንዳለ ያውቅበታል። ለተነሣሽነት ጉዳይ ግን አልመክረውም። በዚያ መድረክ የሚቀርበው የተሳካው ብቻ ነው። «ሦስት መምህራን በአንድ ወሰነ ትምህርት ለቀቁብኝ፤ ምክንያቱ እኔ ሳልሆን አልቀርም» ብሎ በሃምሳ ሰው ፊት የሚናገር ርእሰ መምህር እስካሁን አልገጠመኝም፤ እኔም ብሆን አልናገርም። በዚያ ላይ የቀረበው ተሞክሮ ከበቀለበት ትምህርት ቤት ተነቅሎ ስለሚመጣ፣ ወስዶ መትከሉ እንደ አወራሩ ቀላል አይሆንም።

የቴሌግራም ቡድን ሁለተኛው ነው። ቅጽ፣ ናሙና ዕቅድ ወይም የደንብ ማብራሪያ በፍጥነት ለማግኘት የሚተካከለው የለም፤ ለዚህ ተቀላቀሉ። ስለ አንድ መምህር ጉዳይ ግን አትጻፉበት፤ የተጻፈ ነገር የት እንደሚደርስ አይታወቅም።

ሦስተኛው በአሠልጣኝ የሚመራና መጨረሻው የምስክር ወረቀት የሆነ ኮርስ ነው። ስለ ተነሣሽነት ምንም ላላነበበ ሰው የዕውቀት መሠረት ይጥልለታል፤ ይህን ጥቅሙን አልክድም። ለምሳሌ ኤድዋርድ ዴሲ እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣው ሙከራ፣ እንቆቅልሽ በመፍታታቸው ገንዘብ የተከፈላቸው ተማሪዎች ክፍያው ሲቆም በነጻ ጊዜያቸው ለእንቆቅልሹ የነበራቸው ፍላጎት ሲቀንስ፣ በቃል የተመሰገኑት ግን ፍላጎታቸው አለመቀነሱን እኔ የሰማሁት ከእንዲህ ዓይነቱ ሥልጠና ነው። ከዚያ በኋላ ነው «የወሩ ምርጥ መምህር» ብለን በየወሩ ስንሰጥ የነበረውን ሽልማት ቆም ብዬ የመረመርኩት፤ አንዱን አስደስቶ ሠላሳውን ዝም የሚያሰኝ ሆኖ አገኘሁት። የሥልጠናው ድካም ግን አሠልጣኙ ሲሄድ ጥያቄውም አብሮ መሄዱ ነው። በሥልጠናው የተማራችሁትን ሰኞ ጠዋት ከምታገኟት መምህርት ጋር የሚያገናኝላችሁ ሰው የለም።

አራተኛው የክፍል ጉብኝት ቡድን ነው። ሪቻርድ ኤልሞርና በሐርቫርድ የነበሩ ባልደረቦቹ ሐኪሞች ተማሪዎቻቸውን ይዘው በታካሚ አልጋ ዙሪያ ከሚያደርጉት ጉብኝት ወስደው ለትምህርት ቤት መሪዎች ያዳበሩት አሠራር አለ፤ አባላቱ ተራ በተራ አንዱ በሌላው ትምህርት ቤት ክፍል ገብተው ያዩትን ይመዘግባሉ፤ ሲወያዩም ያዩትን ይገልጻሉ እንጂ አይፈርዱም። ማስተማርን ለማሻሻል ከሁሉም የምመርጠው ይህን ነው። ተነሣሽነትን በተመለከተ ግን ሳይጠነቀቁ ከገቡበት ይጎዳል። አንድ ጊዜ የነበርኩበት ቡድን ለመምህራኑ በቂ ማብራሪያ ሳይሰጥ ጉብኝት ጀመረ። ስምንት ሆነን ማስታወሻ ደብተር ይዘን ከኋላ ስንቆም፣ በሙያቸው የተከበሩት መምህርት ጠመኔው ከእጃቸው ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ የጀመሩትንም ትምህርት ትተው ተማሪዎቹ ቀድሞ የሚያውቁትን ማስተማር ያዙ። ልናበረታታ ሄደን ሰው አስጨነቅን። ቡድናችሁ ጉብኝት የሚያደርግ ከሆነ መምህሩ አስቀድሞ ይጠየቅ፣ ጎብኚዎቹ ከአራት አይብለጡ፣ የታየውም ወደ ሥራ አፈጻጸም ምዘና እንዳይሻገር ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን።

አምስተኛውና የምመክረው በተግባር የመማማር ቡድን የሚባለው ነው። ሐሳቡን ያዳበረው ሬጅ ሬቫንስ በካምብሪጅ ካቨንዲሽ ቤተ ሙከራ የሠራ የፊዚክስ ባለሙያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በብሪታንያ የድንጋይ ከሰል ኢንዱስትሪ የሥልጠና ኀላፊ ሳለ የማዕድን ሥራ አስኪያጆች ከውጭ የሚመጣ አሠልጣኝ ከመጠበቅ ይልቅ በራሳቸው ችግር ላይ እርስ በርስ እየተጠያየቁ እንዲማሩ ሐሳብ አቀረበ። መማር የተዘጋጀ ዕውቀትና ጠለቅ ያለ ጥያቄ ድምር ነው፤ ተግባር የሌለበት መማርም የለም ይል ነበር። በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ከ1990ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው «ሐያስያን ወዳጆች» የተባለው የመምህራንና የርእሳነ መምህራን ቡድንም ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ሥርዓት ይከተላል። ሁለቱን አዳቅለን የምንጠቀምበት አሠራር አንድ ክፍለ ጊዜ ያህል ይወስዳል፦ ባለጉዳዩ ለአሥር ደቂቃ ያህል ያስረዳል፤ ለአምስት ደቂቃ እውነታውን ለማጥራት ብቻ ይጠየቃል፤ ከዚያ ለአሥር ደቂቃ ጠለቅ ያሉ ጥያቄዎች ይቀርቡለታል፤ ቀጥሎ እርሱ ወንበሩን ወደ ኋላ ስቦ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ሌሎቹ ለሩብ ሰዓት ይወያያሉ፤ በመጨረሻ ተመልሶ ምን እንደሰማና ምን እንደሚሞክር ይናገራል።

ሥርዓቱ ሲነበብ ግትር ይመስላል፤ እኔም መጀመሪያ እንዲህ መስሎኝ ነበር። ሐሳቤን የለወጠው አንድ ስብሰባ ነው። የሥራ ባልደረባችን ለረጅም ዓመታት ያስተማሩ፣ ቀድሞ የሒሳብ ክበቡን ይመሩ የነበሩ፣ አሁን ግን ደወል ሲደወል ገብተው ደወል ሲደወል የሚወጡ መምህር ጉዳይ ይዘው መጡ። ጥያቄያቸው «እኚህን ሰው እንዴት ላነሣሣቸው?» የሚል ነበር። ሁላችንም ምክራችን አፋችን ላይ ደርሶ ነበር፤ አወያይዋ ግን «ገና የጥያቄ ሰዓት ነው» ብላ ከለከለችን። አንደኛው «ክበቡን የተዉት መቼ ነው?» አለ። «የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ሲቀየር።» «ድልድሉ ሲቀየር አማክረዋቸው ነበር?» «አላማከርኳቸውም።» «ከምዘና ውጭ ስለሚያስተምሩት ትምህርት ለመጨረሻ ጊዜ የተነጋገራችሁት መቼ ነው?» ባልደረባችን የማስታወሻ ደብተራቸውን ወደ ኋላ ገለጡ፤ ገለጡ፤ ከዚያ ዘጉት። ያን ዕለት ማንም ምንም አልመከረም ማለት ይቻላል።

በቀጣዩ ወር ሲመለሱ የነገሩን ብዙ አልነበረም። መምህሩን ጠርተው ስለ ድልድሉ ይቅርታ ጠይቀዋል፤ የክበቡን ሰዓት መልሰዋል፤ መምህሩ ግን ክበቡን መምራት አልፈለጉም። በምትኩ የአዳዲስ መምህራንን ፈተና አወጣጥ ቢያግዙ እንደሚመርጡ ተናገሩ፤ ጀመሩም። ርእሰ መምህሩ ያሰቡትና የሆነው አንድ አይደለም፤ የመረጡት መምህሩ ራሳቸው ናቸውና። ዴሲና ሪቻርድ ራያን ሰው በራሱ ፍላጎት እንዲሠራ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል ይላሉ፦ በራሱ ፈቃድ የመሥራት፣ ብቃቱን የማየትና ከሌሎች ጋር የመተሳሰር ስሜት። ሦስቱም በዚያ ትንሽ ውሳኔ ውስጥ ነበሩ፤ ወደዚያ ያደረሰው ደግሞ ምክር አልነበረም፤ ሦስት ጥያቄ ነው።

ይህ ዓይነቱ ቡድንም ጉድለት አለው። በየወሩ መገኘት የማይችል ሰው ካለ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ጥሩ አወያይ ከሌለ ወደ ምሬት ማሰሚያነት ይወርዳል፤ ስለዚህ የአወያይነቱን ተራ አስቀድማችሁ አውጡ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ስብሰባዎች ግን ልምድ ያለው ሰው ቢመራ ይመረጣል። ከሁሉ የከፋው የምስጢር መውጣት ነው። ቀድሞ በነበርኩበት ሌላ ቡድን ስሟ ሳይጠራ ጉዳይዋ የቀረበ መምህርት፣ የተባለው ሁሉ ተመልሶ ጆሮዋ ደረሰ። ስም አለመጥራት ብቻውን አያድንም፤ የምታስተምረው የትምህርት ዓይነትና የአገልግሎት ዘመኗ ከተነገረ ማን እንደሆነች ይታወቃል። እርሷ በርእሰ መምህሯ ላይ የነበራት እምነት አልተመለሰም፤ ቡድኑም ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ባለሁበት ቡድን ሁሉ ቃለ ጉባኤ የሚያዘው ባለጉዳዩ ለመሞከር ቃል በገባው ነገር ላይ ብቻ ነው።

ሱፐርቫይዘር ወይም ሌላ የበላይ ኀላፊ ቢገኝ ምን ችግር አለው ብለው የጠየቁ አሉ። ቅን ሰው ሊሆን ይችላል፤ ጉዳዩ የእርሱ ቅንነት አይደለም። የእናንተን ምዘና የሚሞላ ሰው በተቀመጠበት «መምህራኖቼን እያጣሁ ነው» ማለት ይከብዳል። በስድስት ወር አንድ ጊዜ ተጋብዞ ቡድኑ ሊያነሣቸው የመረጣቸውን የጋራ ችግሮች ቢሰማ ግን ይጠቅማል፤ በእጃችን የሌለውን የደመወዝና የእድገት ጥያቄም ማቅረቢያው ያ ቀን ነው።

በአካባቢዬ እንዲህ ያለ ቡድን የለም ላላችሁም፣ ሦስት ሰው ይበቃል። ከሦስት የተለያዩ ትምህርት ቤቶች ቢሆን፣ ለአንድ መደብ ወይም ለአንድ ሹመት የማትወዳደሩ ብትሆኑ ይመረጣል። ለአራት ስብሰባ ብቻ ተስማሙና ቀኖቹን አስቀድማችሁ ቁረጡ፤ በአራተኛው ላይ ትቀጥሉ እንደሆነ ትወስናላችሁ። የመጀመሪያውን ጉዳይ ቡድኑን የጠራው ሰው ያቅርብ፤ ጉዳዩም ከዚህ በፊት የተፈታ ሳይሆን በዚያ ሳምንት እንቅልፍ የነሣው ይሁን።