የ17 ቀን ተለዋዋጭ ኮከብን በየትኛው ክፍል ልመድበው?

ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ሆኜ ለሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌ፣ ከፍኖተ ሐሊብ ጠለል ርቀው የሚገኙ፣ ያረጁና የብረት ይዘታቸው አነስተኛ የሆነ ደማቅ ኮከቦችን እየመደብሁ ነው። ያስቸገረኝ አንዱ በጋላክሲ ኬክሮስ (ከዚያ ጠለል በሚለካ ማዕዘን) 58 ዲግሪ ላይ ይገኛል፤ ብርሃኑ በ17.4 ቀን ይመላለሳል፤ የብረት ይዘቱም የፀሐይ 1/40ኛ ገደማ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የጋያ የጠፈር ቴሌስኮፕ መረጃ የሚሰጠው ፓራላክስ (ርቀት የሚሰላበት ጥቃቅን የቦታ ለውጥ) ከስህተት ወሰኑ ስለማይበልጥ ርቀቱን አልነገረኝም። እንደ ወጣት ሴፌይድ (ከዑደቱ ርዝመት ድምቀቱ፣ ከዚያም ርቀቱ የሚታወቅ ተለዋዋጭ ኮከብ) ባሰላው፣ ወጣት ኮከብ ይገኝበታል ተብሎ ከማይታሰብ ርቀት ላይ ስለዋለ፣ በእኩል የዑደት ርዝመት ከወጣቱ በ1.5 ማግኒቱድ (የድምቀት መለኪያ) ያህል የሚደበዝዘውን፣ ያረጀውን ሁለተኛውን ዓይነት ሴፌይድ መረጥሁ፤ ርቀቱም በግማሽ ቀነሰ።

ይሁን እንጂ መረጃውን በ34.8 ቀን ዑደት ስደራርበው አንዱ የብርሃን ዝቅታ ጠለቅ፣ ቀጣዩ ከፍ እያለ ይፈራረቃል። ይህ የአርቪ ታውሪ ኮከቦች (ረጅም ዑደት ያለው የሁለተኛው ዓይነት ሴፌይድ ክፍል) ዋና መለያ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱን ክፍሎች ከሚለየው ከተለመደው የ20 ቀን ወሰን በታች ባሉ የደብሊው ቨርጂኒስ ኮከቦችም (አጭር ዑደት ያለው ክፍል) አልፎ አልፎ ይታያል። በዋይዝ የጠፈር ቴሌስኮፕ የኢንፍራሬድ መረጃ ላይም ብዙ አርቪ ታውሪዎችን የሚከብበውን የአቧራ ምልክት አላገኘሁም፤ እርግጥ አቧራ የሌላቸው አርቪ ታውሪዎችም አሉ። ታዲያ የዝቅታዎቹን መፈራረቅ ወይስ የዑደቱን ርዝመት ወሳኝ መለያ ላድርግ?