ባካፕ ሲጀምር ጥሪ ይቆራረጣል፤ ኪውኦኤስ (ለትራፊክ ቅድሚያ የሚሰጠው ቅንብር) ግን በርቷል

ወረፋ_ጠባቂ

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ክፍሎች በጋራ የሚጠቀሙበት የቨርቹዋል ማሽን (ቪኤም) ክላስተር አስተዳድራለሁ። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ቪኤክስላን (በጋራው ኔትወርክ ላይ የተሠራ የተለየ ቨርቹዋል ኔትወርክ) አለው። ሆስቶቹ (ቪኤሞቹን የሚሸከሙት ሰርቨሮች) ላይ ኦፕን ቪስዊች የሚባለው የሶፍትዌር ስዊች ነው ያለው። እያንዳንዱ ሆስት በአንድ የ10 ጊጋ (ጊጋ ቢት በሰከንድ) ገመድ ከስዊቹ ጋር ይገናኛል።

አንዱ ክፍል የስልክ ሰርቨር አለው። ሌላው ማታ ማታ ከ8 ቪኤሞች ባካፕ ይወስዳል። ባካፑ ሲጀምር የሰው ድምፅ ሮቦት ይሆናል። የስልክ ሰርቨሩ ፓኬቶቹን ዲኤስሲፒ (ሄደር ላይ የሚጻፍ የቅድሚያ ቁጥር) 46 ብሎ ምልክት ያደርግባቸዋል፤ ቪኤሙ ውስጥ ገብቼ አይቻለሁ። ስዊቹም ለ46 ቅድሚያ ይሰጣል። ለእያንዳንዱ የባካፕ ቪኤም በኢንግረስ ፖሊሲንግ (ቪኤሙ ከሚልከው ከጣሪያ ያለፈውን የሚቆርጥ ገደብ) የ2 ጊጋ ጣሪያ አድርጌያለሁ። የሚገርመው፣ አንዱን ቪኤም ብቻውን ስሞክረው እንኳ 2 ጊጋ አይደርስም።

ለስልኩ ክፍል «ይህን ያህል ባንድዊድዝ የግላችሁ ነው» ብዬ ቃል መግባት እፈልጋለሁ። ምን ጎደለ?

ፓኬት_ቆጣሪ

ወንድሜ፣ ቪኤሙ ውስጥ ያየኸውን እርሳው። ቲሲፒደምፕህን (ፓኬት ማያ መሣሪያህን) የሆስቱ ፊዚካል ካርድ ላይ አድርግና የውጪውን ሄደር እይ። 0 ነው የምታየው ብዬ እገምታለሁ።

ቪኤክስላን የቪኤሙን ፓኬት እንዳለ ጠቅልሎ በሌላ ዩዲፒ ፓኬት ውስጥ ይከተዋል። ስዊቹ የሚያነበው የውጪውን ብቻ ነው። ደብዳቤው ላይ «አስቸኳይ» ብለህ ጽፈህ ባዶ ፖስታ ውስጥ አሽገኸዋል ማለት ነው። ኦፕን ቪስዊች ካልነገርከው በቀር የውስጡን ዲኤስሲፒ ወደ ውጪ አይገለብጥም። ቶኔሉ (የቪኤክስላኑ መጠቅለያ) ላይ የቲኦኤስ አማራጩን (ዲኤስሲፒ የሚቀመጥበትን የሄደር ቦታ) «ኢንሄሪት» (ከውስጡ ውረስ) አድርገው።

ባካፑ 2 ጊጋ ያልደረሰው ፖሊሲንግ ስለሆነ ነው። ፖሊሰር ወረፋ የለውም። ከጣሪያው ያለፈውን ወዲያው ይጥላል። ቲሲፒ ደግሞ ፓኬት ሲጣልበት ደንግጦ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ እንደገና ይመታል። በርስቱን (ለአፍታ ከጣሪያው በላይ የሚፈቀደውን መጠን) ከፍ አድርገው፤ አለዚያ ፖሊሲንጉን ትተህ ፊዚካል ካርዱ ላይ በኤችቲቢ (በሊኑክስ የባንድዊድዝ ማከፋፈያ) ሼፕ አድርግ። ኤችቲቢ ወረፋው እስኪሞላ ድረስ አይጥልም፣ ያዘገያል። በእርግጥ በ10 ጊጋ ፍጥነት ሲፒዩ ይበላል፤ ሳትለካ እንዳታምነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ለስልክ ባንድዊድዝ ቃል ልግባ ያልከውን አልወደድኩትም። እንቁጠረው። ጂ.711 (የስልክ ድምፅ ኮዴክ) በ20 ሚሊ ሰከንድ አንድ ፓኬት ይልካል፤ በሰከንድ 50። ድምፁ 160 ባይት፣ ሄደሮቹ 40፣ በድምሩ 200 ባይት፤ ማለትም 80 ኪሎ ቢት በሰከንድ። ቪኤክስላን 50 ባይት ይጨምርበታል፤ 100 ኪሎ ቢት ሆነ። ትልቅ ፓኬት ላይ ይህ ጭማሪ አይታይም፤ ድምፅ ላይ ግን ሩብ ያህል ነው። እንዲያም ሆኖ 200 ጥሪ በአንድ አቅጣጫ 20 ሜጋ ቢሆን ነው። ከ10 ጊጋ ላይ ምንም አይደለም። ስልክህ ባንድዊድዝ አልራበውም። የቸገረው ወረፋ ሲሞላ ከሚጣሉት ጋር አብሮ መጣሉ ነው።

መዘግየት ነው የምትሉ ካላችሁ ደግሞ፦ 12 ሜጋባይት ቡፈር (ወረፋው የሚጠብቅበት ማህደረ ትውስታ) ጢም ብሎ ቢሞላ በ10 ጊጋ ለመውጣት 10 ሚሊ ሰከንድ እንኳ አይፈጅም። ጥሪ ይህን ይችለዋል። የጠፋን ፓኬት ግን ማንም አይመልሰውም።

አንድ ጥያቄ አለኝ። የባካፑ ማከማቻ የት ነው የሚኖረው?

ወረፋ_ጠባቂ

እውነትም የውጪው 0 ነበር። ኢንሄሪት አደረግኩት፤ ጥሪው በጣም ተሻሽሏል። ማከማቻው ቪኤም ነው። የስልክ ሰርቨሩ ያለበት ሆስት ላይ ነው። ችግር አለው?

ፓኬት_ቆጣሪ

አለው እንጂ! 8 ቪኤም ከየሆስቱ በ2 ጊጋ ሲልክ 16 ጊጋ ነው። መድረሻው አንድ የ10 ጊጋ ገመድ ነው። ላኪ ላይ ያደረግከው ጣሪያ ተቀባዩን አይጠብቀውም። ወረፋው የሚሞላው ከስዊቹ ወደዚያ ሆስት በሚወርደው ፖርት ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ኦፕን ቪስዊችህ እጁ አይደርስም። ሆዝ ሞዴል የሚባለው ሐሳብ ከ1999 ጀምሮ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጫፍ የሚልከውንም የሚቀበለውንም ለየብቻ ተስማማ።

በጣም ርካሹ መፍትሔ ማከማቻውን ከስልኩ ሆስት ማራቅ ነው። ተመልሰው እንዳይገናኙ አንቲ አፊኒቲ ሕግ ጻፍ፤ አለዚያ አንድ ቀን ማይግሬሽን (የቪኤም ከሆስት ወደ ሆስት መዛወር) መልሶ ያጣምራቸዋል። ካልሆነ የእያንዳንዱን ጣሪያ ወደ 1 ጊጋ አውርደው፤ በድምሩ 8 ይሆናል።

ሰማያዊ_ገመድ

ፓኬት ቆጣሪ ባለው እስማማለሁ፤ ግን ኢንሄሪት ብቻውን ያስፈራኛል። ነገ የባካፑ ክፍል ሰው ነቃ ብሎ የራሱን ትራፊክ 46 ቢለውስ? ውጪው ሄደር ላይ ይገለበጣል፤ ስዊቹም አምኖ ያሳልፈዋል። በጋራ መሠረተ ልማት ላይ የተከራይን ምልክት ማመን የለብህም። ቪኤሙ በሚገባበት ፖርት ላይ ዲኤስሲፒውን አንተ ጻፈው፦ ከስልክ ሰርቨሩ የሚመጣ ድምፅ 46፣ የቀረው ሁሉ 0። ስዊቹ ላይም ለ46 ወረፋ ጣሪያ አድርግለት፤ ያለ ጣሪያ ጥብቅ ቅድሚያ ሲሰጠው ሌላውን ሁሉ ያስርባል።

ኤችቲቢ ከሄድክ አንድ ነገር አትርሳ። የልጆቹ (የንዑስ ክፍሎቹ) ሬት (የተረጋገጠላቸው ፍጥነት) ድምር ከወላጁ ቢበልጥ ማንም አያስቆምህም። ዝም ብሎ ይቀበልና ሲጨናነቅ ዋስትናው ይፈርሳል። ድምሩን የሚቆጣጠር ነገር ራስህ ማዘጋጀት አለብህ፤ ኤክሴልም ቢሆን።

ኤስአር አይኦቪ (ቪኤሙን በቀጥታ ከኔትወርክ ካርዱ ጋር የሚያገናኝ ዘዴ) የሚጠቀም ቪኤም ካለህ ደግሞ ሆስቱ ላይ የጻፍከውን ሁሉ ዘሎ ነው የሚወጣው። የእሱን ገደብ ካርዱ ራሱ ላይ ነው የምታደርገው።

ወረፋ_ጠባቂ

ማከማቻውን ወደ ሌላ ሆስት አዛውሬዋለሁ፤ ሕጉንም ጽፌያለሁ። ትናንት ማታ ባካፑ እየሮጠ ጥሪው ንጹህ ነበር። ኤስአር አይኦቪ ያለው አንድ ቪኤም አገኘሁ፤ የማን እንደሆነ እያጣራሁ ነው። ዲኤስሲፒውን ፖርቱ ላይ የሚጽፈውን ፍሎው (የኦፕን ቪስዊች ደንብ) ሰርቼ ስጨርስ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።