ላንቃዋ ተሰፍቶም ንግግሯ በአፍንጫዋ ለሚወጣ ልጄ ምክር ፈልጌ ነው

ሰላም ለሁላችሁም። ከንፈርና ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ልጅ ያሳደጋችሁ ወይም በሙያው ያላችሁ፣ እባካችሁ አንብቡልኝ።

ልጄ 4 ዓመቷ ነው። ከንፈሯ በጨቅላነቷ ተሰፋ፤ ጠባሳው ካልተጠጉ አይታይም። ላንቃ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከ9 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ነው። የእሷ ግን ክብደቷ አልደረሰም እየተባለ 3 ዓመት ሊሞላት ሲል ተሠራ። ወተት በአፍንጫዋ መውጣቱ ቀረ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

የጨነቀኝ ንግግሯ ነው። «ዳቦ» ስትል «ናሞ» ይሆናል። አፍንጫዋን ቀስ አድርጌ ስይዝላት ግን «ዳቦ» ጥርት ብሎ ይወጣል! መስታወት አፍንጫዋ ሥር ይዤ «ፓፓ» በይ ስላት መስታወቱ ጉም ይለብሳል። ሰፈር ውስጥ ልጆች ሲስቁባት አሁን አሁን ዝም ማለት ጀምራለች። አንጀቴን የሚበላኝ ይሄ ነው።

አንዱ ሐኪም ላንቃዋ አጥሯል፣ ድጋሚ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል አለን። ሌላዋ መጀመሪያ የንግግር ሕክምና ትሞክር አለች። የምንኖረው ደሴ ነው፤ እዚህ የንግግር ባለሙያ አላገኘሁም። ፊኛ አስነፊያት የሚሉኝም አሉ፤ እሱ ግን ንግግር አያስተካክልም።

እናንተ የትኛውን አስቀደማችሁ? አዲስ አበባ፣ የካቲት 12 ሆስፒታል ለድጋሚ ምርመራ ልጅ የወሰዳችሁ፣ ሪፈር እንዴት አገኛችሁ? ጆሮዋንስ አብሬ ላስመርምር? በስልክ በቪዲዮ ልጅ የሚያለማምድ ባለሙያ የምታውቁም ጠቁሙኝ። መስከረም ላይ ኬጂ ትገባለች፤ ከዚያ በፊት አንዱን መጀመር እፈልጋለሁ።