«አልሻረም» ሲባል ማን ነው ያልሻረው?

ዘጉለሌ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለሐሙስ የእንቆቅልሽ ምሽት ጥያቄ እየሰበሰብሁ ነው። እስራኤል የምትኖር የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ከላከችልኝ አንዱ ይኸውላችሁ።

«ሕግ አክባሪ አይሁዳዊ ሐኪም ቅዳሜ ጠዋት ስልክ አነሣ፣ መኪና ነዳ፣ መብራት አበራ፣ ወረቀት ላይ ጻፈ። ፀሐይ ስትጠልቅ ጎረቤቶቹ ሁሉ ‹አልሻረም› አሉ። እንዴት?»

መልሱ «ነፍስ ለማዳን ነበርና ሰንበትን አልሻረም» ነው። እናቴ ላይ ብሞክረው ግን «ምስኪን! በሽተኛው ሳይሽርለት ቀረ?» ብላ አዘነች። «አልሻረም»ን እንዳለ ልተወው ወይስ ልለውጠው? መልሱን እስከ ሐሙስ ብታደርሱልኝ።

የድጓ ልጅ፦
ግእዙ «ሰዐረ» ነው፤ አፈረሰ፣ አስወገደ፣ ከሹመት አወረደ። ሹም ይሻራል፣ ሕግ ይሻራል፣ ሰንበት ይሻራል። ቁስል ሻረ ሲባልም ያው ነው፤ ቁስሉ ከሥልጣኑ ወረደ። ሥሩ አንድ ነው፤ ክርክር የለውም። ዜማ ቤት ስንት ዓመት እንደቆየሁ የሚያውቅ ያውቃል።

ኅብረ ቃል፦
መምህር፣ በየትኛው ሰ ነው? ንጉሥ የሚሻርበት ቃል በንጉሡ ሠ ቢጻፍ ሽሙጥ አይሆንም?

ነገረ ሰዋስው፦
ክርክርማ አለው። «ሰንበትን ሻረ» ተሻጋሪ ግሥ ነው፤ የሻረው ሌላ፣ የተሻረው ሌላ። «ቁስሉ ሻረ» ሲባል ግን ባለቤቱ ቁስሉ ራሱ ነው፤ ተሳቢ የለውም። ቁስል ከሥልጣን የሚወርድ ቢሆን «ተሻረ» በተባለ ነበር። እኔ የፈውሱ «ሻረ» የ«ተሻለ» ዘመድ ነው ባይ ነኝ። ረ እና ለ ሲወራረሱ አዲስ ነገር አይደለም።

ወለተ ጎጃም፦
እንዲህ በቀላሉ ከተወራረሱማ ሣርንም አስገቡት። ቁስል ሲሽር እንደ ክረምት ሣር ከዳር ዳር ይገጥም የለ? እኔም የራሴን ሥር አገኘሁ፤ ዜማ ቤትም አልገባሁም።

የድጓ ልጅ፦
እኅቴ፣ ሣር የራሱ ቤት አለው። በሰው ቁስል ላይ አይበቅልም።

ከሬሆቮት፦
ይቅርታ፣ ስለ እንቆቅልሹ ላንሣ። መጀመሪያ ነገር ፀሐይ ስትጠልቅ ሰንበት አይወጣም፤ የሚወጣው ሦስት ከዋክብት ሲታዩ ነው። ጎረቤቶቹ ቸኩለዋል።

ዋናው ግን ዕብራይስጡ ነው። «ፒኩአሕ ነፌሽ ዶሔ ሻባት» ይባላል። ነፌሽ ያው ነፍስ ነው። ፒኩአሕ በታልሙዱ፣ ማለትም በአይሁድ ሊቃውንት የሕግ ክርክርና ትርጓሜ መጽሐፍ፣ አነጋገር ቤት የተናደበትን ሰው ለማውጣት ፍርስራሹን ከላዩ ማንሣት ነው። ዶሔ ደግሞ ይገፋል፣ ገለል ያደርጋል። ስለዚህ ሐኪሙ ሰንበትን ገለል አደረገ እንጂ አላረከሰም ልትሉ ትችላላችሁ። ነገር ግን እዚያው ዮማ በሚባለው የታልሙድ ክፍል፣ ቅጠል 85 ላይ፣ «አንዱን ሰንበት አርክስለት፣ ብዙ ሰንበት ይጠብቅ ዘንድ» የሚል አለ። ያንኑ ከባዱን ቃል ነው የተጠቀመው።

ሊቃውንቱም ተከራክረውበታል። ነፍስ በተያዘችበት ሰዓት ሰንበት ጭራሹን እንደ ዘወትር ቀን ነው ያሉ አሉ፤ የለም፣ ሰንበትነቱ እንዳለ ነው፣ ገለል ብሎ ነው ያሉም አሉ። ራምባም፣ ማይሞኒደስ የሚባለው የመካከለኛው ዘመን የአይሁድ ሕግ ሊቅ፣ ሲጽፍ የሚጠቀመው የሁለተኛውን ወገን ቃል ነው። ሆኖም ይህን ሥራ ለሕፃንና ለአሕዛብ አትተዉት፣ ታላላቆቹና ጠቢባኑ ራሳቸው ይሥሩት ይላል። እንግዲህ ሐኪሙ ሽሯል ወይስ አልሻረም? የጓደኛሽ መልስ ያን ያህል ቀላል አይደለም።

አያቴ ጎንደር ሳሉ ቅዳሜ እሳት አይነድም ነበር፤ ዓርብ የተሠራውን ቀዝቃዛውን ይበሉ ነበር። «ሰንበት ሻረ» የሚለውን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚሉት። ስለ ቁስል ሲሆን ግን በሙሉ ድምፅ ነው።

የድጓ ልጅ፦
ወንድሜ፣ የአያትህን ሥርዓት ኩፋሌ 50 ላይ አንብቤዋለሁ፤ መጽሐፉ የእኛም ነውና። ቀዳሚት ሰንበትንም ቢሆን በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ፣ ከእሑድ ጋር እንድትከበር ተወስኗል። ስለዚህ «ሻረ»ን ከአይሁድ ተውሰን አይደለም የምንለው። ማቴዎስ 12ም አለ፤ ካህናቱ በመቅደስ ሰንበትን ያረክሳሉ፣ ኃጢአት ግን የለባቸውም። «ያረክሳሉ» ይላል፤ «ይሽራሉ» አይልም። መሻር የፈቃድ ነው፤ እያገለገሉ ማርከስ ሌላ ነው።

ነገረ ሰዋስው፦
ወንጌል ከተነሣማ ዮሐንስን እዩ። ምዕራፍ 5 ላይ 38 ዓመት የታመመው ሰው በሰንበት ዳነ፤ ክሱ «ሰንበትን ሻረ» ሆነ። ምዕራፍ 7 ላይ «የሙሴ ሕግ እንዳይሻር» ሕፃን በሰንበት ከተገረዘ፣ ሰውን ሁለንተናውን «ስላዳንሁ» ትቈጡኛላችሁን ይላል። «ዳነ» ነው እንጂ «ሻረ» አይደለም! ተርጓሚዎቹ ሁለቱን «ሻረ» ጎን ለጎን ማስቀመጥ ፈርተዋል፣ ወይም እኔ የምለውን ያውቁ ነበር፤ ሰው ይድናል፣ ቁስል ይሽራል። የእናትሽ አነጋገር ግን ትክክል ነው፤ «ሳይሽርለት» ነው ያሉት።

ወለተ ጎጃም፦
በእኛ አገር «ልጁ ሻረ ወይ?» እንላለን። ልጁ ቁስል አይደለም።

ነገረ ሰዋስው፦
የልጁ ቁስል ማለታችሁ ነው።

ወለተ ጎጃም፦
ወባ ይዞት ነበር!

ኅብረ ቃል፦
እናንተ ሥር ስትቆፍሩ እኔ ኅብረ ቃሉን አነሣሁት፦

ሐኪሙ ቸኩሎ ቢሮጥ በቅዳሜ፣
ሰንበትም ሳይሻር ሻረልኝ ሕመሜ።

ከሬሆቮት፦
ይህን ለአያቴ አነባለሁ።

የድጓ ልጅ፦
ቤት ይመታል። ቅኔ ግን አይደለም፤ ሰሙ ከወርቁ አልተለየም።

ነገረ ሰዋስው፦
«ሕመሜ» አልተስማማኝም። «ቁስሌ» ቢሆን።

ኅብረ ቃል፦
በ«ቅዳሜ» ቤት የሚመታ ቁስል አምጣልኝና እቀይራለሁ።

ዘጉለሌ፦
ሐሙስ አለፈ። ለጥያቄዬ የመለሰልኝ ስላልነበረ እንዳለ አቀረብሁት። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት «ማን ነው ያልሻረው፤ ሐኪሙ ነው ቁስሉ?» ብለው ጠየቁ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ነጥቡን ማንም ሳይወስደው ቀረ።

ነገረ ሰዋስው፦
«ቁስሉ» ነው ያሉት? በጥያቄሽ ውስጥ እኮ ቁስል የሚል ቃል የለም። ከራሳቸው ነው ያመጡት። ወለተ ጎጃም፣ ይህን ልብ በይልኝ።

ወለተ ጎጃም፦
እናትየዋ የየት አገር ሰው ናቸው?